ከስንቱ ውስጥ ስንቱ? የወንጀል ፍትሕ ተማሪዎች የስታቲስቲክስ ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው የወንጀል ፍትሕን የሚማሩ፣ ወይም በሙያው ውስጥ እየሠሩ ትምህርታቸውን የሚቀጥሉ ሰዎች ሲሆኑ፣ የሚያነሡትም ስለ መግቢያ ስታቲስቲክስ ትምህርት ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የወንጀል ፍትሕ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የትምህርት ክፍል የመረጥሁት ስለ ሰው፣ ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ ለማወቅ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ስታቲስቲክስ መውሰድ ግዴታ መሆኑ ተነገረኝ። ከሒሳብ ጋር ከልጅነቴ ጀምሮ ተስማምቼ አላውቅም። ይህ ትምህርት በእርግጥ ለሙያዬ ያስፈልገኛል? የሚያስፈልገኝ ከሆነስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ይህ ፍርሃት የብዙዎች ስለሆነ አላቃልለውም። ነገር ግን ስታቲስቲክስን ከውጭ መጥቶ በሙያዎ ላይ እንደ ተጫነ እንግዳ እንዳያዩት እለምንዎታለሁ፤ ከፊሉ የተወለደው እዚያው በወንጀልና በፍርድ ቤት ጉዳይ ውስጥ ነውና። የፈረንሳይ የፍትሕ ሚኒስቴር በ1825 የቀረቡትን ክሶችና የተሰጡትን ፍርዶች ቆጥሮ በ1827 ካሳተመና ይህንኑ በየዓመቱ ከቀጠለ በኋላ፣ አንድሬ ሚሼል ጌሪ የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ባለሙያና አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጅየማዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ሠንጠረዦቹን መርምረው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስተዋሉ። እያንዳንዱ ወንጀል የአንድ ሰው ድርጊት ሆኖ ሳለ፣ የወንጀሎቹ ድምር ግን ከዓመት ወደ ዓመት እምብዛም አይለዋወጥም ነበር። በ1837 ደግሞ ሲሜዮን ዴኒ ፑዋሶን፣ ፍርድ ሰጪዎች የሚሳሳቱበትን ዕድል ለማስላት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ በስሙ የሚጠራውን የዕድል ስርጭት አስቀመጠ። ስለዚህ ስለ ሰውና ስለ ፍትሕ ለማወቅ የመጣ ተማሪ ወደ ስታቲስቲክስ ክፍል ሲገባ መንገድ አልሳተም።

ለመግቢያው ትምህርት የሚፈለግብዎት የሒሳብ ዕውቀት መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና በካልኩሌተር ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። ከዚህ የሚከብደው ቁጥሩ ምን እንደሚል አስተካክሎ በቃላት መናገር ነው፤ በዚህ ደግሞ ሒሳብ የሚወዱ ተማሪዎች ከእርስዎ የተሻሉ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ትምህርት ባስተማርሁባቸው ዓመታት ስሌቱን ሳይሳሳቱ ጨርሰው የውጤቱን ትርጉም ግን ገልብጠው የጻፉ ብዙ ተማሪዎችን አይቻለሁ።

መነሻዎ «ከስንቱ ውስጥ?» የምትል አጭር ጥያቄ ትሁን፤ ቀመሩ በኋላ ይደረስበታል። በአንዲት ከተማ በዓመት 200፣ በሌላዪቱ 90 ቤቶች ተሰብረው ተሰረቁ ቢባል፣ የመጀመሪያዪቱ ይበልጥ አስጊ ትመስላለች። የመጀመሪያዪቱ ነዋሪ 400,000፣ የሁለተኛዪቱ 60,000 መሆኑ ሲታወቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለ100,000 ነዋሪ ሲሰላ በመጀመሪያዪቱ 50፣ በሁለተኛዪቱ 150 ይሆናልና። ይህ ምጣኔ የሚባለው ስሌት ከማካፈልና ከማባዛት አያልፍም፤ አስቸጋሪው ትክክለኛውን ታህት፣ ማለትም የሚካፈሉበትን ቁጥር፣ መምረጡ ነው። ቤት ሰብሮ መስረቅ የሚፈጸመው በቤት ላይ ስለሆነ በነዋሪዎች ፋንታ በቤቶች ቁጥር ማካፈሉ የበለጠ ሊያስረዳ ይችላል፤ የመኪና ስርቆትም እንዲሁ በመኪኖች ቁጥር። ከእስር የወጡ ሰዎች ዳግም ወንጀል ፈጸሙ ሲባል ደግሞ፣ የተቆጠሩት የተፈቱት ሁሉ ይሁኑ ወይስ በአመክሮ የተፈቱት ብቻ፣ ስንት ዓመት ክትትል እንደተደረገ፣ «ዳግም» የተባለውም እንደገና መያዝ ይሁን ወይስ እንደገና ጥፋተኛ መባል፣ ይህ ሁሉ ካልተገለጸ ቁጥሩ ገና ትርጉም አላገኘም። የደጋጋሚዎች ቁጥር ከ40 በመቶ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ አንዱ ጋዜጣ «በ10 ነጥብ ቀነሰ»፣ ሌላው «በ25 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንባቢው ግን የትኛው እንደተነገረው ማወቅ ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው አማካይ ነው። ሰባት ተከሳሾች 6፣ 8፣ 9፣ 12፣ 12፣ 15 እና 240 ወር ተፈረደባቸው እንበል። አማካዩ 43 ወር ያህል ይሆናል፤ ከሰባቱ መካከል ግን ለ43 ወር የቀረበ ቅጣት የተቀበለ አንድም ሰው የለም። ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው፣ መሀል ከፋይ የምንለው፣ 12 ወር ነው፤ የአብዛኞቹን ዕጣ የሚነግረን እሱ ነው። በወንጀል ጥናት ውስጥ አብዛኛው ነገር እንዲህ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ ይህን ልዩነት በደንብ ይያዙት። አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ማርቪን ዎልፍጋንግና ባልደረቦቹ በ1945 ተወልደው ከ10 እስከ 18 ዓመታቸው በፊላደልፊያ ከተማ የኖሩ 9,945 ወንዶች ልጆችን በፖሊስ መዝገብ ተከታትለው ውጤቱን በ1972 አሳተሙ። በመዝገቡ የተገኙት ጥፋቶች 10,214 ነበሩ። በአማካይ ለአንድ ልጅ አንድ ጥፋት ይደርሳል ማለት ነው፤ ይህን ብቻ የሰማ ሰው የዚያች ከተማ ልጅ ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ግን ከልጆቹ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት በመዝገቡ ላይ ጨርሶ አልነበሩም፤ አምስትና ከዚያ በላይ ጥፋት የተመዘገበባቸው 627 ልጆች፣ ማለትም ከመቶው 6 ያህሉ፣ ከጠቅላላው ጥፋት ከግማሽ የሚበልጠውን ይዘው ተገኙ። ስለ ወጣት አጥፊዎች የሚደረገው ክርክር ከዚያ ወዲህ የተለወጠው በዚህ ግኝት ነው፤ ግኝቱም የተገኘው ከአማካዩ ይልቅ ስርጭቱን በማየት ነው።

ጥያቄ፦ በፖሊስነት ካገለገልሁ አሥር ዓመት ሆኖኛል፤ አሁን ማታ ማታ እየተማርሁ ነው። የመዝገባችን ቁጥር ወንጀል ቀንሷል ሲል የነዋሪዎች መጠይቅ ደግሞ ጨምሯል ይላል። አስተማሪያችን ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ አሉ። እንዴት?

መልስ፦ አስተማሪዎ እውነት ብለዋል፤ እርስዎም ከማንም ይልቅ ምክንያቱን በሥራዎ ላይ ያዩታል። አንድ ድርጊት በፖሊስ ቁጥር ውስጥ ከመግባቱ በፊት በብዙ በሮች ማለፍ አለበት። ተጎጂው ወንጀል እንደተፈጸመበት ማወቅ አለበት፤ ቢያውቅም ማመልከት አለበት፤ ያመለከተውን የተቀበለው ፖሊስ መመዝገብ አለበት፤ ሲመዘግብም ዝርፊያ ይበለው ስርቆት፣ ድብደባ ይበለው የግድያ ሙከራ፣ መወሰን አለበት። ከእነዚህ በሮች አንዱ ቢጠብ ወይም ቢሰፋ፣ የወንጀሉ ብዛት ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ሕዝቡ በፖሊስ ላይ ያለው እምነት ሲያድግ የሚያመለክተው ሰው ይበዛል፣ የተመዘገበውም ወንጀል ይጨምራል፤ ይህ ጭማሪ የመልካም ሥራ ውጤት ሆኖ ሳለ በሪፖርት ላይ ውድቀት ይመስላል። የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ደግሞ አመልካች ተጎጂ ስለሌለው፣ ቁጥሩ ከሁሉ በፊት የሚለካው የፖሊስን የፍለጋ ትጋት ነው።

የመቁጠሪያው ደንብም የራሱ ድርሻ አለው። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ከ1930 ጀምሮ ከየፖሊስ መምሪያው በሚሰበስበው አኃዝ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአንድ አጋጣሚ ብዙ ወንጀሎች ቢፈጸሙም ከዋና ዋናዎቹ የሚቆጠረው በአብዛኛው ከሁሉ የከበደው ብቻ ነበር፤ ዘርፎ የገደለ ሰው በግድያው ይቆጠራል፣ ዝርፊያው ግን ከቁጥሩ ይቀራል።

የተጎጂዎች መጠይቅ የተጀመረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ በአሜሪካ ከ1973 ወዲህ በመደበኛነት፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከ1982 ወዲህ ሲካሄድ ቆይቷል። እሱም ጉድለት አለበት። የተገደለ ሰው አይጠየቅም፤ መኖሪያ የሌላቸውና በእስር ያሉ ሰዎች ከናሙናው ይቀራሉ፤ ሰዎችም ከሁለት ዓመት በፊት የደረሰባቸውን «ባለፈው ዓመት ነው» ይላሉ። አገርን ከአገር ሲያወዳድሩ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የግድያን ምጣኔ የሚመርጡት አስከሬን ለመደበቅም ሆነ በሌላ ስም ለመመዝገብ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ምንጮች እንደ ሁለት ምስክሮች ይመልከቷቸው፤ አንዱን ሐሰተኛ ከማለትዎ በፊት እያንዳንዱ የት ቆሞ እንዳየ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ፒ ቫልዩ ከ0.05 ካነሰ ባዶው መላምት ውድቅ ይሆናል» የሚለውን ሸምድጄ ፈተናውን አለፍሁ። ነገር ግን ምን እንዳልሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መልስ፦ ይህን በግልጽ መጻፍዎ ያስመሰግንዎታል። የማስረዳዎት በአንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ ሐሳቡን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅምና።

በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፣ ሂዳልጎ በተባለ ካውንቲ (የአስተዳደር ወረዳ)፣ ሰው ይከሰስ ወይስ አይከሰስ ብሎ ለሚወስነው ግራንድ ጁሪ በ11 ዓመታት ውስጥ 870 ሰዎች ተጠርተው ነበር። ከካውንቲው ነዋሪ 79.1 በመቶው የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ከተጠሩት 870 ሰዎች ግን የዚህ ወገን የሆኑት 339 ብቻ ነበሩ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1977 ተወሰነ። አሁን እንደ ዳኛ ያስቡ። የሚጀምሩት ለጠሪዎቹ ከሚያደላ ግምት ነው፦ አድልዎ የለም፣ ሰዎቹ የተጠሩት በዕጣ ነው። ባዶው መላምት ይህ ነው፤ ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ነው ከሚለው መርሕ ጋር ያለውን ዝምድና ልብ ይበሉ። ግምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ከ870ው 688 ያህሉ የዚያ ወገን ይሆኑ ነበር።

ይሁን እንጂ ዕጣ ሁልጊዜ ልክ የተጠበቀውን አይሰጥም። ሳንቲም 100 ጊዜ ቢወረውሩ 50 ጊዜ አንበሳ ቢጠብቁም 46 ወይም 53 ሊያገኙ ይችላሉ፤ በዚህ ጨዋታ ውጤቱ ከተጠበቀው ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅበት የተለመደ መጠን 5 ነው። ይህ መጠን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይባላል። በሂዳልጎው ጉዳይ 870ን በ0.791 እና በ0.209 አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ቢያወጡ 12 ያህል ያገኛሉ። በ688ና በ339 መካከል ያለው ልዩነት 349 ስለሆነ ውጤቱ ከተጠበቀው 29 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያህል ርቋል ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ በፍርዱ ግርጌ ማስታወሻ ላይ፣ እንዲህ ባለ ትልቅ ናሙና ልዩነቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከበለጠ፣ ምርጫው በዕጣ ነበር የሚለው ግምት ለማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያ አጠራጣሪ እንደሚሆን ገልጿል።

ፒ ቫልዩ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ባዶው መላምት እውነት ቢሆን ኖሮ፣ የተገኘውን ያህል ወይም ከዚያ የባሰ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድል። ይህ ዕድል ከ0.05፣ ማለትም ከመቶ አምስት፣ ካነሰ ውጤቱ «ጉልህ» ይባላል፤ ባዶውም መላምት ውድቅ ይሆናል። «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን አይጣሉት። ፒ ቫልዩ ባዶው መላምት እውነት የመሆኑ ዕድል አይደለም፤ ይህን መገልበጥ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በሚቀጥለው መልስ ያገኙታል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ልዩነቱ ጉልህ አይደለም» ማለትም «ልዩነት የለም» ማለት አይደለም። በ1972 እና 1973 በካንሳስ ሲቲ በተደረገ የታወቀ ሙከራ፣ 15 የፖሊስ ቀጣናዎች በሦስት ተከፍለው በአንዱ ወገን መደበኛው ቅኝት ቀረ፣ በሌላው እንደ ቀድሞው ቀጠለ፣ በሦስተኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆነ። በወንጀልም ሆነ በነዋሪዎች ፍርሃት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት ስላልታየ፣ ብዙዎች የፖሊስ ቅኝት ጥቅም የለውም ብለው ደመደሙ። ሁለት ነገር ዘንግተዋል። አንደኛ፣ መደበኛው ቅኝት በቀረበትም ቀጣና ፖሊስ ጥሪ ሲደርሰው ይመጣ ነበር። ሁለተኛ፣ በ15 ቀጣናዎች ብቻ የተደረገ ንጽጽር መጠነኛ ልዩነት ቢኖር እንኳ ለመለየት አቅም ያንሰዋል። በተቃራኒው አንድ ሚሊዮን መዝገብ ያለው ተመራማሪ ለማንም የማይጠቅም ኢምንት ልዩነት እንኳ «ጉልህ» ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ፒ ቫልዩን ባዩ ቁጥር የልዩነቱን መጠንና የናሙናውን ብዛት አብረው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። በክፍል ውስጥ በተሰጠን መልመጃ ዐቃቤ ሕጉ «የተከሳሹ ዲኤንኤ በቦታው ከተገኘው ጋር ተመሳስሏል፤ ንጹሕ ሰው በአጋጣሚ የሚመሳሰልበት ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው፤ እንግዲህ ይህ ሰው ንጹሕ የመሆኑ ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው» ይላል። ስሕተት እንዳለው ተነግሮናል፤ እኔ ግን ስሕተቱ አልታይ አለኝ።

መልስ፦ ስሕተቱ የሚታየው ዕድልን ትተው ሰው ሲቆጥሩ ነው። ወንጀሉን ሊፈጽሙ ይችሉ የነበሩ 5,000,000 አዋቂዎች አሉ እንበል። ከሚሊዮን አንድ ንጹሕ ሰው በአጋጣሚ የሚመሳሰል ከሆነ፣ ከእነዚህ ውስጥ አምስት ያህል ንጹሐን ይመሳሰላሉ፤ ፈጻሚው ሲጨመር ስድስት ይሆናሉ። ተከሳሹ የተገኘው በዲኤንኤ መዝገብ ፍለጋ ብቻ ከሆነና ሌላ ማስረጃ ከሌለ፣ ከስድስቱ አንዱ ነው፤ ፈጻሚው እሱ የመሆኑ ዕድልም ከስድስት አንድ ነው። ዐቃቤ ሕጉ «ንጹሕ ከሆነ የመመሳሰሉ ዕድል» የሚለውን «ከተመሳሰለ ንጹሕ የመሆኑ ዕድል» ብሎ ገለበጠው። ላም ሁሉ አራት እግር አላት ማለት አራት እግር ያለው ሁሉ ላም ነው ማለት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ ቁጥር ሲጨመርበት ግን ይህ ግልጽ ነገር ከብዙ አስተዋይ ሰዎች ዓይን ይሰወራል። ሌላ ጠንካራ ማስረጃ ካለ፣ ለምሳሌ ተከሳሹ በዚያች ሌሊት በቦታው ከታየ፣ ሊፈጽሙ ይችሉ የነበሩት ሰዎች ቁጥር እጅግ ያንሳልና የዲኤንኤው ማስረጃ በእርግጥ ከባድ ይሆናል። ማስረጃው ደካማ ነው ማለቴ እንዳይመስልዎት፤ የሚነግረን ዐቃቤ ሕጉ ያለውን አይደለም ማለቴ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመጣ ሌላ ስሕተት አለ፤ እሱም የማይነጣጠሉ ነገሮችን እንደ ተነጣጠሉ ቆጥሮ ማባዛት ነው። በካሊፎርኒያ በጥንዶች ላይ በቀረበ አንድ የዝርፊያ ክስ ዐቃቤ ሕጉ የጥንዶቹን መለያዎች፣ ቢጫ መኪናን፣ ጺምን፣ ሪዝን፣ የፀጉር አሠራርንና ሌሎችንም፣ ለእያንዳንዳቸው ዕድል ሰጥቶ በማባዛት ከ12,000,000 አንድ የሚል ቁጥር አቀረበ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 ፍርዱን ሻረ፤ ዕድሎቹ ማስረጃ አልነበራቸውም፣ ጺም ያለው ሰውም ብዙ ጊዜ ሪዝ ስላለው ሁለቱ ተነጣጥለው ሊባዙ አይችሉም ነበር።

በእንግሊዝ በ1999 የሆነው ከዚህ የከፋ ነው፤ ለተማሪዎቼ ስናገረው ዛሬም ያመኛል። አንዲት እናት ሁለት ጨቅላ ልጆቿ ሞተውባት በግድያ ተከሰሰች። አንድ የሕክምና ባለሙያ፣ እንደ እሷ ባለ ቤተሰብ ውስጥ ሕፃን በድንገት የሚሞትበት ዕድል ከ8,543 አንድ ነው፤ ሁለት ሕፃናት የሚሞቱበት ደግሞ ይህ በራሱ ተባዝቶ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ መሰከረ፤ እሷም ጥፋተኛ ተባለች። ወንድማማቾች የሚጋሩት ዘርና ቤት እያለ ሁለቱን ሞት እንደ ሁለት የሳንቲም ውርወራ መለያየት አይቻልም ነበር። ከዚህም በላይ፣ ሁለት ሕፃናት በድንገት መሞታቸው ብርቅ ቢሆንም እናት ሁለት ሕፃናቷን መግደሏም ብርቅ ነው፤ መመዘን የነበረበት የሁለቱ ብርቅነት እርስ በርሱ ነበር። የብሪታንያ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 ስሌቱ መሠረት እንደሌለው በይፋ አስታወቀ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በጥር 2003፣ በዋናነት ሳይገለጽ በቀረ የሕክምና ምርመራ ውጤት ምክንያት ቢሆንም፣ ያ ቁጥር ለዳኝነት ሸንጎው በዚያ መልክ መቅረብ እንዳልነበረበት ተናግሯል። እናቲቱ በእስር ከሦስት ዓመት በላይ ቆይታ ነበር።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲቀርብልዎት በወረቀት ላይ አንድ ሠንጠረዥ ይሥሩ። በአንድ ወገን «ፈጻሚ» እና «ንጹሕ»፣ በሌላው «የተመሳሰለ» እና «ያልተመሳሰለ» ብለው በአራቱ ሣጥኖች ውስጥ ሰዎችን ይቁጠሩ። አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ዕድልን ለማስተካከል የሚያገለግለው የቤይዝ ቀመር የሚባለው ከዚህ ሠንጠረዥ የተለየ ነገር አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ለዚህ ትምህርት የትኛውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ልማር?

መልስ፦ ትምህርት ቤትዎ የሚጠቀምበትን። ለመግቢያው ኤክሴል ይበቃል፤ ኤስፒኤስኤስ በማኅበራዊ ሳይንስ የተለመደ ነው፤ አር ደግሞ በነፃ የሚገኝና ወደ ፊትም ሩቅ የሚያደርስ ነው። ብቻ በፕሮግራሙ አንድ ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊት፣ ከላይ ያሉትን ሰባት ቅጣቶች በእጅዎ ደርድረው አማካያቸውንና መሀል ከፋያቸውን ያውጡ፤ ከዚያ 240ውን በ18 ተክተው እንደገና ይሥሩና የትኛው ቁጥር እንደተንቀሳቀሰ፣ የትኛውስ ባለበት እንደቀረ ይመልከቱ።